በሸራው ቤት ደረጃ ላይ

አጎቴ በዚያ ሸራ ፊት አንድም ቀን ፎቶ ያልተነሳው ለምንድን ነው? ስንት ሌሊት ከመጽሐፌ ቀና ብዬ አስቤበታለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። ሰፈርተኛው በሙሉ ተነስቶበታል። የተመረቀ፣ የታጨ፣ ከሆስፒታል የወጣ፣ ሥራ ያገኘ፣ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ያሰበ ሁሉ እዚያ ቆሟል። ሸራውን በገዛ እጁ የሳለው አጎቴ ግን ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነበር።

ፎቶ ቤቱ በጫማ ጠጋኙና በመስታወት ቆራጩ መሃል የተሰነቀረ ነው። ፊት ለፊት ማንሻው፣ ከኋላ ፎቶ የሚታጠብባት ጨለማ ክፍል፣ ከእሷ ጎን ደግሞ በመጋረጃ የተከለለች የእኛ መኝታ አለች። ሁለተኛ ደረጃ ልማር ብዬ እሱ ዘንድ መጣሁ፤ ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። አጎቴ ሚስት አላገባም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ጨለማ ክፍሏ ለሁለት አትበቃም» ይላል።

ሸራው ላይ ያለው ነጭ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ሰፊ ደረጃ አለው፤ ደረጃው ወደ ትልቅ በር ያደርሳል፤ ከበሩ በላይ፣ ፎቁ ላይ አንዲት ጥቁር መስኮት አለች። አጎቴ ከሸራው ፊት ሁለት የእውነት የእንጨት እርከኖች ሠርቶ በዚያው ቀለም ቀብቷቸዋል። ተነሺው እነሱ ላይ ይቆማል። ካሜራው ዘንድ ሆኖ ለሚያይ፣ እንጨቱ የት አልቆ ቀለሙ የት እንደጀመረ አይታወቅም። ሚስማር ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም እንዲያለብስ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተቀዶ በክር የሚታሰር ነው። ጫማ ጠጋኙ «ከፊት ባለሀብት፣ ከኋላ እንደኛው» እያለ ይስቅበታል። ሸራው ተጠቅልሎ ስለሚያድር በቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የእጥፋት መስመር አለ። ፎቶው ላይም ይታያል። ማንም አይቀየምም፤ ቤቱ የማንም እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

በዚያ ሰሞን ስለ አንድ አሜሪካዊ ሀብታም የሚተርክ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ልብ ወለድ አነብ ነበር። አስተማሪያችን እንዲህ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ቤቱ ቤት ብቻ፣ መኪናው መኪና ብቻ አይደለም ይለን ነበር፤ ሰውየው ሊሆን የሚመኘው ነው። እኔም አንድ ቀን፣

«ጋሼ፣ ደረጃውን ስትስል ምን አስበህ ነው?» አልኩት።

«ሸራው እዚያ ጋ ተቀዶ ነበር። ስፌቱን ደበቅኩበት።»

ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎሚስታ አለ። ቀን ከሌት ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። አንድ ቀን ጸጉሩን ተላጭቶ መጣና ኮቱን ለበሰ።

«ጋሼ፣ አደራህን አሳምረኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለአንዲት የአገር ቤት ልጅ። አብረን ነው ያደግነው።»

«ታዲያ እጅህን ኪስህ ክተተው። እሱን ካየች ከሰል ነጋዴ መሰልካት ማለት ነው።»

አጎቴ ያን ዕለት ለማንም ያላደረገውን አደረገ። ፎቶው ከታጠበ በኋላ በቀጭን ብሩሽ የእጥፋቱን መስመር አጠፋው፤ ከጎሚስታው ጫማ ሥር ትንሽ ጥላ ጨመረ። ቤቱ ቤት ሆነ። «ፎቶ ማለት ይሄ ነው!» አለና ራሱ ዞር ዞር እያደረገ አየው። ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ጎሚስታው እያለከለከ ገባ።

«ጋሼ፣ መጣች!»

«ማን?»

«ልጅቷ! ሻንጣዋን ይዛ! ከአውቶብስ አውርጃት ጫማ ጠጋኙ ጋ ቁጭ ብላለች።»

«ታዲያ እንኳን ደስ አለህ።»

«ምን እንኳን ደስ አለህ ትለኛለህ፣ ቤቱን ውሰደኝ ብላኛለች እኮ!»

«የቱን ቤት?»

ጎሚስታው ወደ ተጠቀለለው ሸራ ቀና ብሎ አየ። አጎቴ እንጨቱ እርከን ላይ ዘፍ አለ።

«ቤቴ ነው ብለህ ጻፍክላት?»

«አልጻፍኩም። እሷ ናት በደብዳቤ ‹ቤትህ ያምራል› ያለችኝ። እኔማ ዝም ነው ያልኩት።»

«ዝም አልክ!»

«ጋሼ ሙት፣ ላስረዳት ስል እየፈራሁ ነው። ለአሁኑ ቤቱ እየታደሰ ነው እላታለሁ። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ አዎ ካልካት ታምንሃለች። ከተጋባን በኋላ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

«ቀስ ብለህ? ጎማ መሰለችህ እንዴ፣ ቀስ እየተባለ የሚተነፍስ?» አጎቴ ተነሳ። ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። «ሰው ሸራ አግብቶ እንዲኖር አላደርግም። ሳታገባህ ማወቅ አለባት። ጥራት። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

ልጅቷ ገባች። ረጅም ናት፤ የመንገድ አቧራ ሻሿ ላይ አርፏል። ፎቶውን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። ጎሚስታው በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ተቀመጪ ልጄ» አላት አጎቴ።

«አውቶብስ ላይ ስቀመጥ ነው የዋልኩት አባባ። ቤቱ ከዚህ ይርቃል?»

አጎቴ ሸራው ተጠቅልሎ የታሰረበትን ገመድ ፈታ። ሸራው እየተንሸራተተ ወረደ፤ ነጩ ቤት ከነደረጃው፣ ከነእጥፋቱ ፊቷ ተዘረጋ። ልጅቷ አልጮኸችም። ቀረብ ብላ በሩን በመዳፏ ነካችው። ሸራው ወደ ውስጥ ገባ አለ፤ እጇን ስታነሳ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ጎሚስታው ዞረች።

«እጅህን ከኪስህ አውጣው።»

አወጣው።

«ጎማ ነው የምሠራው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ፎቶው ላይ ለምን ደበቀው እያልኩ ነበር። እናቴ ‹ቢበርደው ነው› አለች።»

ሳቄ መጣና ዋጥኩት። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። እጥፋቱን ባላጠፋው ኖሮ ገና ስታዪው ታውቂው ነበር። የማታው አውቶብስ ገና አልሄደም፤ እኔው ራሴ አሳፍርሻለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ እናትሽ ነዋ።»

«እናቴ ይሄን ፎቶ ለመንገዴ እስክትሰጠኝ ድረስ ከትራሷ ሥር ነበር የምታስተኛው። ሊጠይቃት ለሚመጣ ሁሉ እያወጣች ‹ልጄ የምትገባበት ቤት› ትል ነበር። አልጋ ላይ ከወደቀች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ነገ ሻንጣዬን ይዤ በሯ ላይ ቆሜ ምን ልበላት?»

አጎቴ ዓይኑን ወደ ጎሚስታው መለሰ። እሷ ሻሿን አውልቃ አራገፈች፣ ቀሚሷን ጠራረገች፣ ከዚያም እንጨቱ እርከን ላይ ወጣች።

«አንሱኝ።»

«ምን?»

«ከእሱ ጋር አንሱኝ። ና እንጂ አንተ፣ ምን ይገትርሃል!»

«ልጄ፣ ይሄ ሸራ ነው።»

«አየሁት እኮ አባባ። ዓይን አለኝ።»

«እናትሽ ሊያዩት የመጡ ዕለትስ?»

«አትመጣም» አለች፤ ይህን ስትል ብቻ ፊቷ ተለወጠ። «ሐኪሙ ነግሮናል።»

አጎቴ ካሜራውን ይነካና ይተዋል።

«ቆይ፣ ለመሆኑ ይሄን ልጅ ትወጂዋለሽ?»

«እሱን እኔና እሱ እንነጋገራለን። እርስዎ ፎቶውን ያንሱ።»

ጎሚስታው ኮቱን ለብሶ ጎኗ ቆመ፤ ኪሱን ሲፈልግ እጁን በእጇ ያዘችው። አጎቴ አነሳቸው። ከእርከኑ ስትወርድ ወደ ሸራው ቀና ብላ፣

«ፎቅ ላይ ያለችው መስኮት ጨለማ ናት። እናቴ ጨለማ ቤት አትወድም፤ መብራት ያስገቡባት» አለች። ሄዳ ከመስታወት ቆራጩ ሚስት ዘንድ አደረች።

ያን ሌሊት አጎቴ ፎቶውን አጥቦ ካደረቀ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እጥፋቱ በግድግዳው ላይ በግልጽ ይታያል። ብሩሹን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ መጽሐፌን ይዣለሁ፤ አላነብም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሀብታም ራሱን ያታልል ነበር። እዚህ ግን የሚታለል ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ ከአልጋዋ የማትነሳ አንዲት እናት ስትቀር ሁላችንም እናውቃለን።

«ጋሼ፣ እጥፋቱን ተወው» አልኩት በመጨረሻ። «እናትየዋ ካየችው አየችው።»

«አንተ አንብብ።»

ቆይቶ ደግሞ ለራሱ ይሁን ለእኔ፣ «የፊተኛውን ሳላውቅ ነው የሠራሁት» አለ። «ሥራዬ አማረልኝ ብዬ ነው። ይሄኛውን ግን እያወቅኩ ነው።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሚያለቅስ መስሎኝ ልነሳ ስል ብሩሹ ውሃ ውስጥ ሲነከር ሰማሁ።

እጥፋቱን አጠፋው። ከዚያ ምላጭ አነሳና በጫፉ የመስኮቷን ጥቁር ቀለም ቀስ እያለ ይፍቅ ጀመር፤ የወረቀቱ ነጭ እስኪወጣ። ፎቶ ላይ መብራት የሚበራው እንደዚያ ነው። ምላጩ ወረቀቱን እንዳይቀድ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። የጨረሰው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው።

ጠዋት ልጅቷ ስትመጣ ጎሚስታው ሻንጣዋን ተሸክሞ ከኋላዋ ነበር። እጁን በአሸዋ ፈግፍጎት ኖሮ ቀልቷል። ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። ራሷን አላየችም፤ ጎሚስታውንም አላየችም፤ መስኮቷን ነው ያየችው።

«ደስ ይላታል» አለች።

አጎቴ እንደ ልማዱ የፎቶ ቤቱን ማህተም ጀርባው ላይ ሊመታ አነሳ።

«ተዉት አባባ። ማህተም አይኑርበት።»

ማህተሙን መልሶ አስቀመጠ። ሁለቱ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ወደ ፖስታ ቤቱ ነበር የሚሄዱት፣ ሻንጣው በመሃላቸው። እዚያ ደርሰው ፎቶውን ለእናቷ ይላኩት አይላኩት፣ እሷም ትቅር ትመለስ፣ ያን ዕለት አላወቅንም።

አጎቴ በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም አለ። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር። ፎቶ ፈላጊዎች መጥተው አንኳኩ፣ ተጣሩ፣ ሄዱ። ውሃ ልስጥህ ስለው አልፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንቅልፍ የወሰደው ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው።