ሙቀቱን ያልነገረኝ እግር

ከናዝሬት የወጣሁት በሽንኩርት መኪና ነው። ከመቂ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና ማታ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ረዳቱ ሸራውን ገለጥ አደረገልኝና በጆንያዎቹ መሃል ገባሁ። እናቴ አልሸኘችኝም። የሚያለቅስ ሰው ከታየ የሚሄድ ሰው መኖሩ ይታወቃል ብለን የተሰነባበትነው ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግተን ነው። ለቅሶዋ ለጎረቤት እንዳይሰማ ራዲዮኑን ከፍ አድርጋ በወታደራዊው ማርሽ ዜማ መሃል አለቀሰች። የናዝሬት ነፋስ በሸራው ቀዳዳ እየገባ ዓይኔን በአቧራ ሲሞላው ረገምኩት። ዛሬ ያንን አቧራ በእፍኝ የሚያመጣልኝ ሰው ባገኝ እንዴት በወደድኩ!

ስለ እግሬ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሥራዬ የሱቅና የሆቴል ሰሌዳ መጻፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ የጋዜጣ ርእስ በከሰል እየገለበጥኩ ብቻዬን ለመድኩት። ያኔ ወጣቱ ሁሉ ሲታሰር እኔም ታሰርኩ፤ ውስጥ እግሬን ተገርፌ ወጣሁ። አገራረፉን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ባታውቁት ይሻላችኋል። ቁስሉ ዳነ። ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው ግን የእኔ መሆኑን ተወ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጥልቄ ማውለቅ ያቃተኝ ይመስለኛል። ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ይውላል፤ መኖሩን የማውቀው ማታ ደሙን ሳይ ነው። መሰላል ላይ ስወጣ እርከኑን መርገጤን ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ማየት አለብኝ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ያብጣል፤ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ስለቀው ጉድጓዱ እዚያው ይቆይና እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ይሞላል። ስተኛ ነገሩ ይገለበጣል። ቀን ምንም የማይሰማው እግር ጉንዳን እንደወረረው ይለበልበኛል።

ይህን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ይሻለዋል ብላ ሶደሬ ስትወስደኝ እንኳ ፍል ውሃው ውስጥ ቀድማ እጇን የምትነክረው እሷ ነበረች። በእኛ አገር እግሩ አልሰማ ላለ ሰው የሚወጣለት ስም አንድ ነው፤ ሥጋ ደዌ። ይህ ስም የወጣለት ሰው የሚያከራየውም፣ ከአንድ ሳህን አብሮት የሚቆርስም አያገኝም። በሰፈራችን መንሾካሾክ ተጀምሮ ነበር። እናም ስንሰነባበት አደራዋ ይህ ሆነ፦ «እግርህን ለማንም እንዳታሳይ። መጠጊያ ሳታገኝ እንዳይወራብህ።»

ሽንኩርቱ መሃል ብቻዬን አልነበርኩም። ገመቹ የሚባል የመቂ ልጅ ቀድሞኝ ተኝቷል፤ ያንኑ ሽንኩርት ጫኝ ነበርና እሱም ከጭነቱ ጋር ሊሸሽ ነው። ከድሬዳዋ በኋላ ከአንድ መንገድ መሪ ጋር የባቡሩን ሃዲድ ከሩቅ እያየን ወደ ጅቡቲ በእግራችን ሄድን። ገመቹ ቀልድ ካልተናገረ የሚሞት ሰው ነው።

«አንተ ሰሌዳ ጸሐፊ! ጫማህን ለማን ሰጠኸው?» አለኝ አንድ ጠዋት።

ወደ ታች አየሁ። የግራው ኮንጎ ጫማዬ የለም። የት እንደወለቀ አላውቅም፤ እሾህ ተረከዜ ላይ ተሰክቶ አብሮኝ ይሄዳል።

«ያ ዋቃ! አያምህም እንዴ?»

«ለምጄዋለሁ።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ የኮቱን እጅጌ ከትከሻው ቀደደና እግሬን ጠቀለለልኝ። «አሁን ኮቴም እንዳንተ አንድ እግሩ ባዶ ሆነ» አለ። ሌላ አልጠየቀም። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ባመሰግነው ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን ምስጋና ሲሰማ ወሬ ይለውጣል።

ጅቡቲ ስንደርስ ለስደተኛ ምዝገባ አንድ ሹም ፊት ቀረብኩ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው።

«ፓፒዬ አለህ?» ወረቀት ማለቱ ነው።

«ፓፒዬ ቢኖረኝ በባቡር እመጣ ነበር።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠና «የለውም» ብሎ አሳጠረው።

«ለምን መጣህ?»

«ታስሬ ነበር።»

«አሁን ታስረሃል?»

«አልታሰርኩም።»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

ሹሙ ከጠረጴዛው በላይ አንገቱን አስግጎ ቁልቁል አየና «በየትኛው?» አለ። እግሬን ከወንበሩ ስር ደበቅሁት።

ማደሪያ ያገኘነው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። የድሬዳዋ ሴት ናት፤ ከእኛ በፊት ተሰዳ፣ ሐጂ ከሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ተከራይታ ለመጪው ሁሉ ምንጣፍ ታነጥፋለች። እኔ በናዝሬት ሥርዓት «እንደምን ዋሉ» ብላት ደነገጠች። «እርስዎ የሚባለው ጳጳስ ነው! ዘነበች በለኝ» አለች። አልቻልኩም፤ እትዬ አልኳት።

ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ አያድርም፤ ያንን ደንብ ድንበር አሻግራ ይዛው መጥታለች። ከሰል ላይ ውሃ አንተከተከች፣ ጨው ጨመረች፣ ከነእንፋሎቱ ሳፋ ውስጥ ገልብጣ «ቆይ፣ ቀዝቃዛ ላምጣ» ስትል በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው።

«ዘነበች፣ እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«እንግዶች ናቸው።»

«እንግዳ ይሄዳል። እነዚህ መቼ ይሄዳሉ?»

«መንግሥት ሲለወጥ!»

«ያለፉትም እንግዶች ይህንኑ ብለው እስካሁን ጣራዬ ስር ይጸልያሉ!»

ሁለቱ በር ላይ ሲካሰሱ እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ይህች የእናቴ እኩያ ሴት አሁን ተመልሳ ጎንበስ ትላለች፤ ጨርቁን ትፈታለች፤ እብጠቱን፣ የእሾሁን ቁስል፣ የማይሰማውን እግር ታያለች። ሳታይ ውሃው ይሸፍነው ብዬ ጨርቁን ፈትቼ ሁለቱንም እግሬን ሳፋው ውስጥ አስገባሁና ተቀመጥኩ። እጅ መንከር የሚባለው ነገር በአእምሮዬ አልመጣም፤ ያንን ታደርግልኝ የነበረችው እናቴ ናት።

እትዬ ዘነበች ቀዝቃዛውን በጣሳ ይዛ ተመለሰች። «ገባህበት? በርዷል ማለት ነው።»

«ይስማማል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ በይሉኝታ።

ልታሸኝ እጇን ሰደደችና ጮኸች። ሳፋው ተገለበጠ። «እግርህ ተቀቀለ እኮ! አንተ ሰው፣ ምን ሆነህ ነው የተቀመጥከው?»

ቆዳው እንደ እርጥብ ወረቀት ተነስቶ ነበር። እኔ ግን ምንም አላመመኝም። እሷን ከቃጠሎው ይልቅ ያስፈራት ይህ አለማመሜ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እውነቱን ንገረኝ፤ ደዌ ነው?» አለች።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ሰው ሲደጋግመው እኔም ፈርቻለሁ። ስለ ግርፋቱ ነገርኳት። እግሬን በንጹሕ ነጠላ ሸፍና ወጣች። መጠጊያዬን በገባሁበት ቀን አጣሁት ብዬ አደርኩ።

ሲነጋ ልብሷን ለብሳ መጣች። «ተነስ።» ልብሴን የያዝኩባትን ፌስታል አነሳሁ።

«ፌስታሉ ወዴት ነው? ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው! ገመቹ፣ አዝለው።»

«ሽንኩርት ይሻለኝ ነበር» አለ ገመቹ፤ «ሽንኩርት ቢያንስ አያፍርም።»

ሐኪሙ ፈረንሳዊ ነው። ዓይኔን አስጨፍኖ በመርፌ ጫፍ ከጣቶቼ ጀምሮ ወደ ላይ ወጋ ወጋ አደረገ፤ ሲሰማኝ እንድናገር በአስተርጓሚ አዘዘኝ። ዝም አልኩ። ዝም አልኩ። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሲደርስ «አሁን» አልኩ። ቆዳዬን መረመረ፣ ክርኔንና ጆሮዬን ዳበሰ፣ ስለ እስሩ ጠየቀ። ከዚያ «ደዌ አይደለም፤ ነርቩ በድብደባ ተጎድቷል» ተባልን። እትዬ ዘነበች እዚያው እልልታዋን አቀለጠችው። ነርሷ «ማዳም! ማዳም!» እያለች ብትሮጥም አላቆመችም።

ሐኪሙ ግን አልጨረሰም ነበር። ነርቩ ላይመለስ ይችላል፤ ቃጠሎው ካመረቀዘ ደግሞ የግራው እግር ይቆረጣል። ተኝተህ ከደረትህ በላይ ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ አትርገጥበት አለኝ። እልልታዋ በአፏ ላይ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በጀርባዬ የተኛሁበት ነው። የናዝሬትን ፀሐይ ሙቀት ብለን የምንጠራ ሰዎች ኻምሲን የሚባለውን የዚህ አገር ነፋስ አላየንም። ምድጃ ተከፍቶ ፊታችሁ ላይ እፍ የሚላችሁ ይመስላል። በዚያ ሙቀት እትዬ ዘነበች ጠዋት ማታ ፋሻዬን ትለውጣለች፤ በለወጠች ቁጥር ራሷን ትራገማለች። «በገዛ እጄ!» ትላለች። የደበቅሁት እኔ ነኝ ብላት አትሰማኝም። ገመቹ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሞ ሲመለስ ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦና ብርቱካን ይዞልኝ ይመጣል። ብርቱካኑን በአፍንጫው ያሸትና «ይህ የእኛን ብርቱካን በዝና ብቻ ነው የሚያውቀው» ይላል። እኔም የመርቲ ብርቱካን ጭማቂ በክርን ሲወርድ ትዝ ይለኝና ከቁስሉ ይልቅ እሱ ያስለቅሰኛል።

የግራው ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ተቆረጡ። እግሬ ተረፈ።

አሁን መሰላል አልወጣም። ሰሌዳውን ጭኔ ላይ አጋድሜ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች እጽፋለሁ፤ የፈረንሳይኛውንም ፊደል ከዳቦ ቤት ሰሌዳ ገልብጬ ለምጃለሁ። ውሃ በክርኔ እለካለሁ። ማታ መስታወት ወለሉ ላይ አስቀምጬ ውስጥ እግሬን አያለሁ፤ ጫማዬን ከማጥለቄ በፊት አራግፈዋለሁ። እንደ እኔ እግራችሁን የተገረፋችሁና የምትደብቁ ካላችሁ፣ አትደብቁ።

ባለፈው ሰሞን በባቡር በምትመላለስ ነጋዴ ለእናቴ መልእክት ልኬ ናዝሬት ቴሌ ድረስ እንድትመጣ ቀጠርኳት። እትዬ ዘነበች ካልሄድኩ ብላ አብራኝ ፖስታ ቤት ገባች። ጠባቧ የስልክ ሳጥን ውስጥ ሁለታችን ተጣበቅን።

«ልጄ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ድምፅህ ቀጥኗል። ትበላለህ?»

«እበላለሁ። ሩዝና ዓሣ።»

«ቁርስህንም ዓሣ?» አለች። ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ መስመሩ ላይ ጆሮ መኖሩን አስታውሳ በሹክሹክታ «እግርህስ?» አለችኝ።

ምን እንደምላት ቀኑን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር። አፌ ሳይከፈት እትዬ ዘነበች መነጋገሪያውን ነጠቀችኝ።

«እናቱ፣ ዘነበች ነኝ፤ ልጅሽ እኔ ዘንድ ነው። እኔ ነኝ በፈላ ውሃ ያቃጠልኩት። አዎ፣ እኔ! አልነገረኝማ… አይደለም፣ ደዌ አይደለም፣ ሐኪሙ ምሏል… ቆሟል፣ ይሄዳል…»

ከዚያ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። እናቴ ትናገራለች፤ ለእኔ የሚሰማኝ ቀጭን ጩኸት ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች ራሷን ትነቀንቃለች፣ «እሺ» ትላለች፣ እንደገና «እሺ» ትላለች፤ እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል። እጄን ዘረጋሁ። ልትሰጠኝ ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

«ምን አለችሽ?»

ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «አንተን አይመለከትም። ለእኔ ነው የነገረችኝ።»

ብዙ ለመንኳት፤ አልነገረችኝም። ወደ ቤት ስንመለስ እርምጃዬን ጠብቃ ቀስ እያለች ከፊቴ ትሄዳለች። እኔ የምረግጠውን እያየሁ እከተላታለሁ። እናቴ በስልኩ የተናገረችውን የመጨረሻ ቃል እሷ ይዛው ትሄዳለች፤ እኔ ቀናሁባት።