ዝናብ የምትፈራዋ ጃንጥላ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንቱን ስዘከዝክ ይቺን ዘልያታለሁ፤ የካርቱን ካሴት ደግሞ ምን ኃጢአት ይሆናል ብዬ። ይሆናል።

ሙና የልጅነት ጎረቤቴ ናት፤ ዛሬም ዱባይ ተራ ጎን ለጎን ጫማ እንሸጣለን። ልጆች ሳለን አባቷ ጋሼ ሸምሱ ለንግድ ዱባይ ሄደው አንድ የካርቱን ካሴት አመጡላት። ዝናብ ስለምትፈራ ጃንጥላ ነው። ፊልሙ በዐረብኛ ነው፤ ጋሼ ሸምሱ ደግሞ ከዋጋ መከራከሪያ ያለፈ ዐረብኛ የላቸውም። ግን ይተረጉሙልን ነበር! ጃንጥላዋን ከቤት ሊያስወጧት ሲጎትቷት ድምፃቸውን አቅጥነው፣ «እኔ ሸቀጥ ነኝ እንጂ ጣራ አይደለሁም!» ይላሉ። በሳቅ ፍርስ እንላለን።

እኔ ምን አደረግኩ? ለእንቁጣጣሽ የትምህርት ቤታችን ልጆች ስንዘምር በቴሌቪዥን ሊተላለፍ ነው። ራሴን ደጋግሜ ማየት አማረኝ። እኛ ቤት የቪዲዮ ዴክ የለም። በሚተላለፍበት ዕለት እነሙና ለቅሶ ሲሄዱ ቤት ጠብቂ አሉኝ፤ አምነውኝ እኮ ነው። ካሴቱ እንዳይቀዳበት ጠርዙ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተሰብራለች። ቀዳዳዋን በፕላስተር ደፈንኩና በላዩ ቀዳሁበት። መጨረሻው ላይ ብቻ ነው ብዬ ነበር? አልዋሽም፣ ምንም አላሰብኩም። የታየው ደግሞ ግማሽ ግንባሬ! ከፊቴ የቆመችው ረጅም ልጅ ሸፈነችኝ። ለግማሽ ግንባር ስል ጃንጥላዋን አጠፋኋት። ካሴቱን ቀሚሴ ውስጥ ሸሽጌ ወጣሁና ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ሙና እያለቀሰች ስትፈልገው አብሬያት ፈለግኩ። አልጋ ሥር ሳይቀር ገባሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ!

የልጅ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ።

ጋሼ ሸምሱ ካረፉ ወዲህ ሙና ፊልሙን ለልጇ ላሳይ ብላ ስልኳ ላይ ፈለገች፤ አጣችው። ሞባይል ሻጮቹን ጠየቀች፤ እንዲህ ያለ ካርቱን የለም አሏት። ባለፈው ዝናብ አግቶን ሱቅ በር ላይ ቆመን ሳለ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ እንኳ አታስታውሺውም? አብረን ነበር እኮ የምናየው።»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ ሙኒዬ። አልመሽው ይሆናል።»

ምላሴ ምነው ያኔ በተቆረጠ! እሷም፣ «እንግዲያ የአባዬንም ድምፅ ያለምኩት ነዋ» ብላ ገብታ ጫማ መደርደር ጀመረች።

ካሴቱን ያጠፋሁት ልጅ ሆኜ ነው። አባቷን የቀማኋት ግን ልጆች ወልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ነው። ምን ፈርቼ? እንዳትጣላኝ? ትጣላኛ! ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም። ፊልሙ ነበረ፤ እኔ አይቼዋለሁ። ድምፁም የአባቷ ነው። ይህን የሚመሰክርላት በዚህ ምድር ላይ ከእኔ ሌላ ማንም የለም።

ዛሬ ጠዋት ልነግራት ቆርጬ ሱቋ በር ላይ ደረስኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ዝርዝር ይኖርሻል?» አልኳት።

ፈገግ ብላ ዘረዘረችልኝ።