ዕረፍት ነው አሉኝ

መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር «የጾም ነው» አልኩ። ነፍሰ ጡር የመጾም ግዴታ እንደሌለባት አውቃለሁ። ግን የቄስ ሚስት በሁዳዴ ወተት ጠጣች ከተባለ መንደሩ ሌላ ወሬ የለውም። ስለዚህ ቅዳሴ እስኪወጣ ባዶ ሆዴን እውል ነበር። ፊቴ ሲያብጥም፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲልብኝም ያንኑ ጾሜን ከሰስኩ።

አንድ ጠዋት ደጃፌ ላይ ወደቅሁ። ባለቤቴ ቄስ ሞላ በበቅሎ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም በሚኒባስ መካነ ሰላም ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሐኪሟ ግፊቴን ለካች። ደግማ ለካች። ሽንቴን አስመረመረች። «ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፤ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት» አለች። «ልጁ ካልወጣ አይለቅሽም። ወሩ ገና ስለሆነ ላይተርፍ ይችላል። አንቺም ያሰጋሻል።»

እንዳያንዘፈዝፈኝ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት ወጉኝ። ያቃጥላል። ሰውነቴ በሙሉ ነደደ። ነርሷ «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አብሽሪ» ትለኛለች። ሰው አብሽሪ ሲያበዛብኝ እጠረጥራለሁ።

የመጀመሪያዋ ልጄ ክርስትና ሳትነሳ ነው የሞተችው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምኑን አውቃው፤ አልተጎዳችም» ይለኝ ነበር። ቄስ ሞላም «ዕረፍት ነው» አሉኝ። አልጋው ላይ ሆኜ ይሄ ነገር መጣብኝ። ሞት ካልጎዳት፣ መወለዷስ ምን ጠቀማት? ይሄን ሆዴ ውስጥ ያለውንስ ማን ለምኖን ጀመርነው?

ቀና ስል ቄስ ሞላ በሩ ላይ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ዕረፍት ከሆነ ምን ያንቀጠቅጣቸዋል? ወዲያው ሌላ ነገር ታወሰኝ። ቄስ ሚስቱ ከሞተችበት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱ ይቀራል፤ አለዚያ ይመነኩሳል። አሃ! ለካ የሚፈሩት ለራሳቸው ነው!

«እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው። «የሚፈሩት ለእኔ ነው ለክህነትዎ?»

«ለሁለቱም» አሉ። «ብትሞቺ መንኩስ ይሉኛል። የሚመነኩስ ሰው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ፍትሐት ይደረግለታል። አንቺን ቀብሬ፣ በቁሜ ለእኔም ፍትሐት ሊደረግልኝ ነው።»

«ይሄ መልስ ነው ስብከት?»

«የሺ፣ ዕረፍት የምለው ሌላ መልስ ሲጠፋኝ ነው። ሞት ክፉ ነው። ለዚያች ልጃችንም ክፉ ነበር፤ ፀሐይ እንኳ ሳትሞቅ ወሰዳት።» ነርሷ ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ወዲያው አመንኳቸው ብል እዋሻለሁ።

በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ልጅቷ ከእፍኝ አትበልጥም ነበር። እኔ ግፊቴ ቀስ በቀስ እየወረደ፣ ፊቴም ወደ ራሱ መልክ እየተመለሰ ሲሄድ፣ እሷን ራቁቷን ደረቴ ላይ አስተኝተው በጋቢ ያስሩልኝና በገላዬ ሙቀት አቅፌያት እውል ነበር። አንዳንዴ መተንፈስ ትረሳለች፤ የእግሯን ውስጥ ስነካት ደንገጥ ብላ ትቀጥላለች። መምጣቷን አልጠየቅናትም፤ ለመቆየት ግን እንዲያ ስትፍጨረጨር እያየሁ፣ ባትጀመር ይሻላት ነበር ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ሐኪሟንና ያቺን አብሽሪ የምትለኝን ነርስ እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ነፍሰ ጡሮች፣ ራሳችሁን ሲያማችሁ፣ ፊታችሁ ሲያብጥ፣ ዓይናችሁ ሲብለጨለጭ የጾም ነው አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ግፊታችሁን ተለኩ። ልጅ የሞተባትን ሴት ደግሞ «አልተጎዳም» አትበሏት። አብራችሁ አልቅሱ።

ቄስ ሞላን አሁንም አንዳንዴ እጠረጥራቸዋለሁ፤ አመሌ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ግን፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ጠብቀው ወተት በብርጭቆ ይዘው ወጡ፤ ልጄን ወደማጠባበት ደጃፍ። «ጠጪ» አሉኝ፣ መንደሩ እየሰማ።

ጠጣሁ።