ሁለት ሺህ ስንደርስ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍቱ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መሃል ቆሞ መብራቱ ድርግም ሲል ልጄ ሜሮን «እማ፣ ልንወድቅ ነው?» አለችኝ። ወደ እኔ ሳብኳት። በጨለማው የግሪስ ሽታ ሲመጣብኝ ግን አባቴ ትዝ አለኝ።

አባባ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን እንዲሁ ግሪስ ግሪስ የሚል አሮጌ ፉርጎ ውስጥ አስቀመጠኝና «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ሁለት ሺህ ዓመተ ምህረት ልንሄድ ነው። እዚያ ደረጃ የሚባል የለም፤ ቤቱ ራሱ ተሸክሞ ያወጣሻል» አለኝ። ጨፈንኩ። እሱ የፉርጎውን ብረት ዱግ ዱግ ያደርጋል። ዓይኔን ስገልጥ ያው ጭቃ፣ ያው የጎረቤት ፍየል።

«ደረስን?»

«ደርሰናል። ቤቱን የሚሠሩት ሰዎች ግን ገና አልጀመሩም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እንኳ አልደርስም፤ አንቺ ታዪልኛለሽ» አለ። ጥሎኝ ሊወርድ መስሎኝ ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት።

ይኸው አየሁለት፤ ቤቱ ተሸክሞ ያወጣና መሃል ላይ ይረሳል። ሜሮንን አቅፌ የሊፍቱን በር ደበደብኩ። ድብደባውን ሰምቶ የመጣ የግቢው ዘበኛ «አይዞሽ እናቴ፣ ከበሩ ራቅ በይ!» ብሎ በፌሮ ፈልቅቆ ከፈተው፤ አንድ በአንድ ጎትቶ አወጣን።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠናል። ወጥተናል፤ ደህና ነን።