የአባቴ መኪና ፍሪሲዮን

አባቴ መኪናውን ገበያው ዳገት ላይ ጥሎ በእግሩ የመጣ ዕለት እኔ ከትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነበር። ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። በር ላይ ቆሞ፣ «ፍሪሲዮኑ እንቢ አለኝ፤ ማርሽ አይገባም። መንገድ ዘግታ ቆማለች» አለ። ተከትዬው ሄድኩ። ከመኪናዋ ኋላ ባጃጆች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። ሸክም የሚያወርዱ ሰዎች አገዙንና ገፍተን ወደ ቁልቁለቱ አዞርናት። አባቴ መሪውን ይዞ ወደ ቤት ወረደ፤ እኔ ከኋላ በእግሬ።

መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ክብ መብራት ያላት፣ ቀለሟ የነተበ የጣሊያን ሥሪት ናት። አባቴ አሪቻ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ሳለ ነው የገዛት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ዲላ ያለው ቤት ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነን። ወንድሞቼ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ እየደወሉ «አባዬ እንዴት ነው?» ይላሉ። «ደህና ነው» እላለሁ። ቀን አስተምራለሁ፤ ማታ እራቱን አቀርብለታለሁ፣ የስኳር ኪኒኑን እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

በማግስቱ፣ «ፍስሐ ገነት መሄድ አለብኝ» አለ። ታላቅ እህቱ እዚያ አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች።

«በሚኒባስ እንሂዳ፣ አባዬ።»

«እህቴ ጋ በሰው መኪና ሄጄ አላውቅም። መጀመሪያ ትሠራ።»

የሱን መኪና የሚያውቅ አንድ መካኒክ አለ። የቡና ወቅት ስለነበር ጋራዡ በጭነት መኪና ተጨናንቆ፣ ከስንት ልመና በኋላ ቅዳሜ መጣ። ከሥር ገብቶ ቆየና ዘይት የጠጣ እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ ራሱ ደህና ነው» አለ። «የተበላው ማገናኛው ነው። ፔዳሉን ሲረግጡት ግማሹ መንገድ ባዶ ነው። ዘንጉ በቅጡ ሳይገፋ ፔዳሉ ወለል ይነካል።»

ፈትቶ አሳየን። ፔዳሉን ከዘንጉ የሚያገናኘው ፒን ወገቡ ቀጥኗል። ፒኑ የሚሽከረከርበት ቡሽ የሚሉት ቀለበትም ክብነቱ ጠፍቶ እንቁላል መስሏል። አባቴ ፒኑን በጣቶቹ መሃል እያገላበጠ፣ «አላልኩሽም? እኔን አርጅተሃል ትሉኛላችሁ» አለኝ። ማንም እንዲህ አላለውም ነበር።

ለዚህች መኪና ዕቃ ከየትም አይገኝም። ቶርኖ ቤት ወስጄ አዲስ ፒንና ቡሽ አስቀረጽኩ። መካኒኩ ግን ለመግጠም ነገ እመጣለሁ እያለ ቀረ። ቢደወልለት ይርጋጨፌ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሥር ነው። አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንቺ ከሥሯ ግቢ» አለኝ። «ጉልበቴ አልታጠፍ አለ እንጂ ይሄ እኔን የሚያቅተኝ አልነበረም። እየነገርኩሽ ትገጥሚዋለሽ።»

ልከራከረው አስቤ አቅም አጣሁ። መከራከሩ ከመሥራቱ የባሰ ያደክማል። ከትምህርት ቤት እየመጣሁ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፈን፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ ከሥር መግባት ያዝኩ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከላይ ያዛል። የደረቀ ጭቃ ዓይኔ ውስጥ ይወርዳል። ቡሎኑ ዝጎ አልፈታ ሲል፣ «ናፍታ ቀቢውና ተዪው፤ ነገ ይለቃል» ይለኛል። አንድ ቀን ሥራዬን ጨርሼ እዚያው ጋደም ብዬ ቀረሁ። መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ የግራሶ ሽታ አለ፤ ግን እዚያ ሥር ማንም ምንም አይጠይቀኝም። አባቴ «አለቀ?» ሲል «ትንሽ ቀረኝ» አልኩት።

ሲያልቅ መጀመሪያ የሞከርኳት እኔ ነኝ። ፔዳሉ ገና ስነካው መልስ ይሰጣል፤ ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። ግቢያችን ፊት ለፊት ባለው መንገድ ወጥቼ ተመለስኩ። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ነው። አባቴ ቁልፉን ተቀበለኝና ገባ። ማርሹ ተንጫጫ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተንጫጫና መኪናዋ ዘላ ሞተሯ ጠፋ።

«አላጠበቅሽውም» አለ።

ገብቼ አስተካከልኩት። እኔ ስነዳት ትሄዳለች፤ እሱ ሲነዳት ትንጫጫለች። እንደገና ልገባ ስል፣ «ተዪው» አለኝና መሪውን እንደያዘ ወደ እግሩ አጎንብሶ ተመለከተ። እኔም አየሁት። ግራ እግሩ ፔዳሉ ጠርዝ ላይ ነው ያረፈው፤ ግማሹ አየር ላይ ነው።

«አባዬ፣ እግርህ ፔዳሉ ላይ አይደለም።»

«ላይ ነው እንጂ» አለ መጀመሪያ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «መርገጤን የማውቀው በዓይኔ ካየሁ ነው» አለ።

በረንዳው ላይ አስቀምጬ ጫማውን አወለቅኩለት። ካልሲው ከሥሩ በደም ተጣብቋል። ጫማውን ባራግፈው ጠጠር ወደቀ። መቼ እንደገባ አያውቅም፤ ቁስሉ ግን የዛሬ አይመስልም። ተረከዙን በጣቴ ነካሁት። «እዚህ ጋ ይሰማሃል?» አልኩት። ፊቴን አየና «የቱ ጋ?» አለኝ። ኪኒኑን በየቀኑ እሰጠው ነበር፤ ጫማውን አውልቆ እግሩን እንዲያሳየኝ ጠይቄው ግን አላውቅም። ሐኪሞቹም አይተውት እንደሆነ እንጃ። እግሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬለት ተነሳሁ።

ሐኪም ቤት ቁስሉን አጠቡለት። ስኳሩ የእግሩን ነርቭ እንደጎዳው፣ በየቀኑ እግሩ መታየት እንዳለበት፣ መንዳትም እንደማይሆንለት ነገሩን። ቁስሉ እስኪድን ብዙ ሳምንት ፈጀ። በየማታው አጥበዋለሁ፣ እጠቀልለዋለሁ፤ እሱ ግድግዳውን ያያል። ያን ሁሉ ሳምንት ስለ መኪናዋ አላነሳም። አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ግን፣ «እህቴ ጋ አድርሺኝ» አለ።

ቁልፉን አልሰጠኝም፤ ኮፈኑ ላይ አስቀምጦት ዞሮ በቀኝ በር ገባ። ይርጋጨፌን አለፍን። አንድ ዳገት ላይ ማርሽ ስቀንስ፣ «ጥሩ ገጥመሽዋል» አለኝ።

አክስቴ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ጠበቀችን። ከፈራነው ተሽሏት ነበር። ምሳ ከበላን በኋላ ሁለቱ በቋንቋቸው በጌዴኦፋ ቀስ እያሉ ያወሩ ጀመር። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጋቢ ደርበውብኛል፤ ጥላው ረዝሟል። አባቴ «አልቀሰቀስንሽም፤ እዚሁ እንደር» አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ደውዬ ነገ እንደማልገባ ተናገርኩና መልሼ ዓይኔን ከደንኩ።