በስክሪንሾቱ አናት ላይ የነበረው ስም

ወንድሜ በሞተ በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ኦንላይን ገባ።

ስጽፈው ቀልድ ይመስላል። አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሸዋ ሮቢት በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ እኔም ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ሆኜ ስልኬን እነካካ ነበር። ቴሌግራም ላይ ከስሙ ጎን ያቺ ነጥብ በራች። የእሱ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ አየሁት፤ ጠፍቷል። ነጥቧ ግን ትበራለች። ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ጠፋች።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ።

ወዲያው የጠረጠርኩት የወንድሜን ጓደኛ ነው። በዚያ ሰሞን ለማንኛውም ነገር የምጠረጥረው እሱን ነበር። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልናገር።

ወንድሜ የፓርቲው የአካባቢያችን ቅርንጫፍ ሰብሳቢ ለመሆን ይወዳደር ነበር። ተቀናቃኙ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህር ነበሩ። ጓደኛው ቅስቀሳውን ይመራለታል። ከቀወት ገጠር የሚመጡትን አባላት ደግሞ የያዙለት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ቤታችን ሲመጡ ወንድሜ ከመቀመጫው ተነሥቶ "ጋሼ፣ እዚህ ይሁኑ" ይላቸዋል። እሳቸውም ተቀምጠው ስለ ማሽላቸውና ማሽላውን ስለሚጨርሰው ግሪሳ ወፍ ያወራሉ። ረጅም ያወራሉ።

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው በአባላቱ ግሩፕ ውስጥ አንድ ስክሪንሾት ተለቀቀ። ወንድሜ ለጓደኛው የጻፈው ነው። "ሽማግሌው ዛሬም ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ወፍ አወሩ። ድምፃቸው ባያስፈልገኝ ኖሮ በር አልከፍትላቸውም ነበር" ይላል። ከሥሩ ምንም የለም። ጓደኛው ምን እንደመለሰ አይታይም። አናት ላይ ግን የጓደኛው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ሰው ሁሉ ስሙን አየ፤ መልሱ እንደሌለም አየ። የራሱን ቆርጦ የወንድሜን አወጣው ተባለ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ወንድሜ በማግስቱ ከውድድሩ ወጣ። በጭቅጭቁ ብዛት ምርጫውም ተራዘመ። በወሩ ጉበቱን ታመመ። ደብረ ብርሃን ሁለት ሳምንት ተኛ። ከዚያ... ከዚያ አመጣነው።

ጓደኛው ቀብር ላይ እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። ብዙ ሰው አየ፤ እንዲያይም ፈልጌ ነበር። ቆየት ብሎ እሱ ራሱ በወንድሜ ቦታ እንደሚወዳደር ሰማን።

የመምህሩ ደጋፊ የሆነ አንድ ሰው ሊያጽናናን መጣ። እናቴን "እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብሎ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ልሸኘው ስወጣ በሩ ላይ ቆመ።

"ስልኩ አንተ ጋ ነው አሉ" አለኝ።

"አዎ።"

"መልሱ አለ?"

"የምን መልስ?"

"ታውቀዋለህ። የተቆረጠው።"

የበሩን መቀርቀሪያ ያዝኩ።

"አላስገድድህም" አለ። "ግን ወንድምህን የሸጠ ሰው ወንድምህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ታያለህ። እሑድ ከምርጫው ስብሰባ በፊት ብታደርሰኝ ይበቃል።"

"አመጣለሁ" አልኩት።

ወንድሜ ስልኩን የሚከፍትበትን መስመር አውቀው ነበር፤ ሆስፒታል እያለ ነው ያሳየኝ። ከፍቼ መልሱን ፈለግሁ። አለ። ወንድሜ ጠዋት ጽፎለት ጓደኛው ማታ ነበር የመለሰው። "ታገሥ። ምርጫው ይለፍ እንጂ ወፉንም ሽማግሌውንም አብረን እናባርራለን።" ከጎኑ የሚስቅ ፊት አለ። ይህ በግሩፑ ቢለቀቅ ጓደኛው ያልቅለታል።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ወደ ላይ መሄዴን ቀጠልኩ። ስለ እኔም ጽፎ ነበር። "ታናሼ ውጤት አልመጣለትም። ለእናቴ ትንሽ ነው የጎደለው ብያታለሁ፤ ብዙ ነው የጎደለው።" ለእኔ የተጻፈ አልነበረም። አንብቤው ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላሁም።

እንግዲህ ነጥቧ የበራችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጓደኛው በሆነ መንገድ ገብቶ መልሱን ሊያጠፋ ነው አልኩ። የወንድሜን ስልክ አበራሁና አካውንቱ የት የት እንደተከፈተ የሚያሳየውን ዝርዝር አወጣሁ። ስልኩ አለ። ከሥሩ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሠርቷል ይላል። የተከፈተበት ቀንም ተጽፏል።

ቀኑን አየሁት። እንደገና አየሁት። ስለ ሽማግሌው ያ መልእክት የተጻፈበት ቀን ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ስልኩን ሰጥቶ የሕይወት ታሪኩን አሳትም ብሎ ልኮኝ ነበር። አንዲት ልጅ የምትሠራባት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ፋይሉ አልላክ አለኝ። ልጅቷ "ቴሌግራሙን እዚሁ ክፈተው" አለችኝና ኮምፒውተሯ ላይ ከፈትኩት። ሦስተኛው ገጽ ታትሞ እንዳለቀ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ወረቀቶቼን ይዤ ወጣሁ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም የጠፋ መሰለኝ።

ሄድኩ። ሱቋ ውስጥ ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች።

"ቴሌግራም አለ እዚህ ላይ?"

"ሲበራ ራሱ ይከፈታል። የሆነ ሰው ሳይዘጋ ሄዶ ነው። አንዳንዴ ሳላየው እነካዋለሁ።"

"እዚህ ማን ማን ይቀመጣል?"

"ኧረ እኔ እንጃ። መምህር፣ ተማሪ፣ የፓርቲ ሰው። ወረፋ ሲበዛ ራሳችሁ ጻፉ እላለሁ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ያንተ ነው እንዴ?"

"የወንድሜ ነው።"

ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

ከጓደኛው ጋር የተጻጻፈውን ከፈትኩ። አናት ላይ የጓደኛው ስም ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ልክ እንደ ስክሪንሾቱ። ያኔ ነው የገባኝ። ጓደኛው ከራሱ ስልክ ቢያነሳው ኖሮ አናት ላይ የሚታየው የወንድሜ ስም ነበር። ሰው የራሱን ስም እዚያ ላይ አያይም። መልሱም የተቆረጠ አልነበረም፤ ሥዕሉ ሲነሳ ገና አልተጻፈም።

አካውንቱን ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ዘጋሁት። ማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አላውቅም። ማን እንደከፈተለት ግን አውቃለሁ።

ጓደኛው ጀውሃ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሆን ምግብ ቤት አለው። በሚኒባስ ሄድኩ። ጠረጴዛ ይወለውላል።

"ትንሹ" አለኝ። "ልትሰድበኝ ከሆነ መጀመሪያ ብላ።"

"በልቻለሁ።"

"ዋሸህ። ተቀመጥ።"

ነገርኩት። ስለ መብራቱ፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ስሙ። እያቋረጥኩ ነበር የማወራው። እሱ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይወለውላል።

"ከእናንተ ቤት እንደወጣ እናውቅ ነበር" አለ።

"ማን ነው የሚያውቀው?"

"እኔና እሱ። በመጀመሪያው ቀን ነው ስሜን ያየው። 'ይሄ ከእኔ ስልክ ነው' አለኝ። መልእክቱ የተጻፈበት ቀን ከሰዓት ስልኩ ማን ጋ ነበር?"

"እኔ ጋ።"

"እሱም ያለው ይህንን ነው። ኮምፒውተር ማንም አላሰበም። ልጠይቀው ወይ አልኩት። 'አትጠይቀው። አዎ ካለኝ ምን እሆናለሁ?' አለ።"

በመንገዱ አንድ ተሳቢ እየጮኸ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቅን።

"ሁለት ወር ከምናምን ሰው ሲሰድብህ ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ልበል? እኔ አይደለሁም፣ ታናሹ ነው ልበል?" ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። "ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። እስከ ዛሬ አንተን ነበር የምጠረጥረው። ስቀብረው እንኳ አንተን እያየሁ ነው የቀበርኩት። እጄን የዘረጋሁት ትጨብጠኝ እንደሆነ ለማየት ነው።"

ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስክሪንሾቱ ከወጣ በኋላ ወንድሜ የስልኩን መክፈቻ ቀይሮ ነበር። ሻወር ሲገባ እንኳ ይዞት ይገባል። ከፓርቲ ሰዎች የሚደብቅ መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ግን ከእናቴና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ እናቴ ደግሞ ማንበብ አትችልም።

እሑድ ጠዋት ያ የመምህሩ ደጋፊ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀኝ።

"አመጣኸው?"

"አላመጣሁም።"

"በስንት አስታረቀህ?" ብሎ ሳቀና ገባ።

አባል አይደለሁም። የሟች ወንድም ነው ብለው እንድናገር ፈቀዱልኝ። ብዙ አልተናገርኩም። ሥዕሉ የወጣው ከወንድሜ አካውንት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ሳልዘጋው የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ጓደኛው አላወጣውም አልኩ። ስለ ስሙም አስረዳሁ። ግማሹ ሰው ስልኩን አውጥቶ የራሱን አየ።

"ማን አስጠናው?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሳቅ ሆነ።

የመምህሩ ደጋፊ ተነሣ። "እሺ፣ እንመንህ። እሱ ምን ብሎ መለሰ? ስልኩ አንተ ጋ ነው።"

ሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ጓደኛው ወለሉን ያያል።

"ያ ለእኔ የተጻፈ አይደለም" አልኩ።

"የለም አላለም፤ ስሙት" አለ ሰውዬው ወደ ሕዝቡ ዞሮ።

ተቀመጥኩ። ጓደኛው በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። ያን መልስ ደብቄ እሱን አተረፍኩት ወይስ ጣልኩት፣ አላውቅም። እሱም አልነገረኝም።

ስወጣ ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። "ወንድምህ እውነቱን ነው፤ ስለ ወፍ አበዛለሁ" አሉ። ክንዴን አልለቀቁም። "እሱስ ምን መለሰለት?"

"ጋሼ፣ እርስዎም አይጠይቁኝ፤ ለማንም አልነገርኩም።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሄዱ። የሆነ ነገር እንደጠረጠሩ ያስታውቃል። ትክክል ነበሩ።

ስልኩ አሁንም እኔ ጋ ነው። በሳምንት አንዴ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ አላነብም። ሆስፒታል እያለ አንድ ከሰዓት በኋላ እጄን ስቦ መዳፌ ላይ በጣቱ መክፈቻውን ሣለልኝ። ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ። "ለእማዬ ደውልልኝ" አለ። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ስላመነኝ ይሁን፣ ሌላ ሰው ስላልነበረ ይሁን እያልኩ አስባለሁ። እኔም ያኔ አልጠየቅሁትም።