ግማሽ አጎበር

ልጅ ሳለሁ ቅዱሳን ሁሉ ብርድ አገር የኖሩ ይመስለኝ ነበር። አቦይ ዘርኡ የሚያወሩልን ቅዱስ ሁሉ ወይ በረዶ ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ነው፣ ወይ ደግሞ መንገድ ዳር ከሚንቀጠቀጥ ድኻ ጋር የሚገናኝ። እኛ የመተማ ልጆች ደግሞ ግንቦት ላይ የቤቱ ግድግዳ እንኳ ሲነኩት በሚፋጅበት አገር ነው ያደግነው። እና ያኔ በሆዴ፣ «ለመጽደቅ መጀመሪያ ደጋ መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው» እል ነበር።

ጊዜው ጣልያን አገሩን ይዞ የነበረበት ነው። አባታችን ከመረብ ማዶ የመጣ የካሚዮን ሹፌር ነበር፤ ከጎንደር መተማ ዕቃ ያመላልሳል። ካቶሊክነቱን የወረሰው ከአያቶቹ ነው። እናታችን ግን የጭልጋ ሰው ናት፤ ስታገባው ነው ወደ እሱ ቤተ ክርስቲያን የገባችው። እንደኛ ያለው ቤተሰብ በከተማው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ቄስ የሚመጣልን አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ እኛን ልጆቹን የሚያስተምሩን አቦይ ዘርኡ ነበሩ፤ «አቦይ» በአባቴ አገር ቋንቋ አባባ እንደማለት ነው።

አቦይ ዘርኡ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። መንገድ ሥራ ላይ እግራቸው ላይ ድንጋይ ወድቆባቸው ካነከሱ ወዲህ እዚያው መተማ ቀሩ። ቁጣቸው ቅርብ ነው፤ ሳቃቸውም ከቁጣቸው አይርቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደጃቸው ካለው ግራር ሥር እንሰበሰባለን፤ እሳቸው ቢንቢ ለማባረር ኩበት ያጤሳሉ፣ ጢሱም ቢንቢውን ትቶ እኛን ያስለቅሳል። ፋኖሱ ተለኩሶ ቅርንጫፍ ላይ ሲሰቀል፣ የኩበቱም ፍም ከሥር ቀላ ሲል፣ ከጉያቸው አንዲት ዝገት የበላት የቆርቆሮ ሣጥን ያወጣሉ። በውስጧ ጠርዛቸው የተበላ ትንንሽ የቅዱሳን ሥዕሎች ነበሩ።

ደንባቸው እንዲህ ነበር። አንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ሥዕል ያወጣል፤ አቦይ የዚያን ቅዱስ ታሪክ ያወራሉ፤ ልጁም ሥዕሉን ቤቱ ወስዶ ከመኝታው በላይ ይሰቅለዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመልሰው እንደዚያ ቅዱስ ምን እንደሠራ መናገር አለበት። «ቅዱስ ማለት የሥራ ሰው ነው» ይሉ ነበር። «ቤታችሁ ገብቶ ሥራ ፈቶ ከተቀመጠ ጥፋቱ የናንተ ነው!» ታዲያ ተኩላ ያላመደው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሥዕል የደረሰው ልጅ ማታ ጅብ ሲጮህ «ወንድሜ ጅብ፣ እንደምን አመሸህ» ብሎ ከአጥር ሊወጣ ሲል እናቱ ነች በእግሩ ጎትታ ያስቀረችው። አቦይ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ከበርጩማቸው ሊወድቁ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ተራው የታላቅ እኅቴ የምሕረት ሆነ። ያወጣችው ሥዕል ላይ በፈረስ የተቀመጠ ወታደር አለ። ሁላችንም «ጊዮርጊስ ነው!» ብለን ጮኽን፤ በፈረስ ላይ ያለ ቅዱስ ሌላ ማን ይሆናል?

«እስቲ ጦሩን አሳዩኝ!» አሉ አቦይ ተቆጥተው። «ዘንዶውስ የታለ? ዓይን የላችሁም እንዴ? ይህ ማርቲኖስ ነው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩልን። ማርቲኖስ ወታደር እንደነበር፣ በከተማው በር አንድ የታረዘ ድኻ ሲንቀጠቀጥ እንዳገኘ፣ በቦርሳው የሚሰጠው ነገር ስላልነበረ የለበሰውን ካባ በሰይፉ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እንዳለበሰው። ሲጨርሱ ምሕረት እጇን አነሣች።

«አቦይ፣ ድኻው ንዳድ ይዞት ነው አይደል የሚንቀጠቀጠው?»

እኛ ልጆቹ ሌላ መንቀጥቀጥ አናውቅም ነበርና ጥያቄዋ ትክክል መሰለን። ባለፈው ክረምት ትንሹ ወንድማችን ዮናስ ንዳድ ሲይዘው በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ «በረደኝ፣ በረደኝ» እያለ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አይተናል፤ ከሞት ነው የተመለሰው። አቦይ ዘርኡ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ።

«እሺ፣ ንዳድ ይሁን» አሉ። «የእሱ አገር ብርድ የእናንተ አገር ንዳድ ነው። ዋናው መስጠቱ ነው።»

ምሕረት ሥዕሉን ይዛ ቤት ገባች። እኔ ምን እያሰበች እንደሆነ መች ጠረጠርኩ!

ከቤታችን አጥር ማዶ እትየ የሺ ትኖር ነበር። የእናቴ የአገሯ ልጅ ናት፤ አንድ ምንጭ ሲቀዱ ያደጉ፣ መተማም የወረዱት በአንድ ሰሞን። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትለውጥ ግን እትየ የሺ «የጣልያንን ሃይማኖት ለብሳ ከእኔ ጋር ማዕድ አትቆርስም» ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲያ በአጥር እየተያዩ ሰላም እንኳ አይባባሉም። እትየ የሺ በዚያ ቆላ ሁለት ልጆች ንዳድ በልቶባታል፤ የቀረቻት ትርንጎ ብቻ ነች። ትርንጎና ምሕረት ወንዝ ሲወርዱ ተደብቀው የሚጫወቱ ጓደኛሞች ነበሩ። ትርንጎ ያለ አጎበር እንደምትተኛም ምሕረት ታውቃለች።

የኛ አጎበር አባቴ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ገበያ የገዛው ነው፤ የመተማ ሰው በሱዳኖቹ አፍ ናሙሲያ ይለዋል። ሦስታችን ልጆች በአንድ የጠፍር አልጋ በእሱ ሥር ነው የምንተኛው። እናቴ ከዮናስ ሕመም ወዲህ ያንን አጎበር እንደ ታቦት ነበር የምትጠብቀው። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል፤ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦ አባታችንን ጎንደር ላይ አስቀርቶታል፤ ገንዘቡም ከእሱ ጋር ስለቀረ እስከ መስከረም ሌላ አጎበር ከየትም አይመጣም።

አንድ ቀን ከምሽቱ በፊት እናቴ አጎበሩን ልትዘረጋ ገብታ «ወይኔ ልጄን!» ስትል ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ግማሹ የለም። በአባቴ ምላጭ ከላይ እስከ ታች ተቆርጧል፤ ማርቲኖስ ከነፈረሱ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ ያያል። ምሕረት ጥግ ላይ ቆማ፣ «ለትርንጎ ሰጠኋት» አለች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃትም ደስታም ነበረበት።

እናቴ አልመታቻትም። እጇን ይዛ እየጎተተች፣ እኔም ዮናስን አዝዬ እየተከተልኩ፣ አቦይ ዘርኡ ደጅ ደረስን።

«የእርስዎ ማርቲኖስ ልጄን ሊገልልኝ ነው!» አለች። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ እዚህ አይመጡም። እኔ ወዳጄን ያጣሁ ለዚህ ነው? ልጄንም ልጣ?»

አቦይ ነገሩን ሲሰሙ ከበርጩማቸው ተነሡ፤ ምሕረት ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ማርቲኖስ የቆረጠው የራሱን ነው! አንቺ የማንን ነው የቆረጥሽው? የዚህን ሕፃን ነው!»

«የራሴን ድርሻ ነው» አለች ምሕረት። «እኔ ካሁን በኋላ ውጭ እተኛለሁ።»

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አቦይም ጣታቸውን አወረዱ። «ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የካባ ግማሽ ካባ ነው። የአጎበር ግማሽ ግን ምንም ነው፤ ይህን አልነገርኳቸውም። እኔው ሄጄ ከእትየ የሺ ልለምንና ላምጣው።»

«ሞቼ ነው!» አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች። «ሁለት ልጅ ከቀበረች ሴት እጅ አጎበር አስነጥቄ ጌታ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?»

በዚህ መሐል ነው እትየ የሺ በአጥሩ በር የገባችው። የተቆረጠውን አጎበር አጣጥፋ በብብቷ ይዛለች፤ መርፌ ከነክሩ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተሰክቷል። አቦይን ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና ወደ እናቴ ዞረች። ከተኳረፉ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፦

«አንቺ፣ ይቺ ልጅሽ አብዳለች እንዴ?»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «አዎ፣ አብዳለች» አለች።

«ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አንቺ ይዘን ልጆቻችንን ቢንቢ ሲበላ ልናይ ነው? ያ አልጋሽ ስንት ልጅ ይይዛል?»

«ከተጠጋጉ... አራት።»

«በይ ተነሽ፤ ሳይመሽ እንስፋው።»

አቦይ ዘርኡ ፋኖሳቸውን ከቅርንጫፍ አውርደው እያነከሱ ወደ ቤታችን ተከተሉን። እናቴም የራሷን መርፌ አመጣች፤ ሁለቱ ሴቶች አልጋው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ጀምረው ሰፉት። አቦይ ብርሃኑን ያዙላቸው፤ «እዚህ ጋ ቀዳዳ ቀርቷል፣ አታዩም እንዴ» እያሉ ይቆጣሉ። መርፌዎቹ መሐል ላይ ሲገናኙ እናቴ ሳቀች፣ እትየ የሺ ግን «ዝም በይ፣ አልታረቅንም» አለቻት።

ያን ክረምት ትርንጎ ከኛ ጋር ተኛች። አራታችን እንደ ማገዶ ተደርድረን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ ከውጭ ቢንቢው ሲያፏጭ እየሰማን። እትየ የሺ ማታ ማታ ልጇን ታመጣለች፣ ስፌቱን በጣቷ ትዳብሳለች፣ የላላውን ታጠብቃለች። በቤታችን ግን ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ምሕረትን አንድ ጊዜ ንዳድ ጣላትና ስትንቀጠቀጥ፣ «አሁን የማርቲኖስን ድኻ አወቅሁት» አለችን፤ እትየ የሺ ናት ከእናቴ ጋር እየተፈራረቀች ግንባሯን በጨርቅ ስታረጥብ የሰነበተች። ተሻላት፤ ዮናስና ትርንጎን ግን ንዳዱ አልነካቸውም።

መስከረም ላይ እናቴ እሸት በቆሎ ስትጠብስ እትየ የሺ በወሬ ተይዛ ሳታስበው እጇን ሰደደችና አንዱን ያዘች። ግማሹን ከበላችው በኋላ ነው ትዝ ያላት። ማኘኳን አቆመች። «እንግዲህ ከዋጥኩት በኋላ ምን አባቴ አደርገዋለሁ» አለችና የቀረውን ጨረሰችው። እስከ ዛሬ ያን የመሰለ የሁለት ሴቶች ሳቅ አልሰማሁም።

በዓመቱ ከግራሩ ሥር ሌሎች ትንንሽ ልጆች ተጨመሩ። አቦይ ዘርኡም ማርቲኖስን ሲያወሩ በፊት ያልነበረ ነገር ይቀጥሉበት ጀመር፦ ድኻው ግማሹን ካባ ይዞ ሄዶ አልቀረም፤ መርፌና ክር ፈልጎ፣ ማርቲኖስን ተከትሎ ደረሰበትና «ወንድሜ፣ አንተም በርዶሃል፤ ና ሰፍተን አብረን እንልበሰው» አለው። አንዱ አዲስ ልጅ ሥዕሉን ፋኖሱ ሥር አገላብጦ አየና፣ «አቦይ፣ መርፌው የታለ? እዚህ የለም እኮ» አላቸው።

«ሠዓሊው መተማን የት ያውቃል!» ብለው ጮኹበት።

ኋላ ጦርነቱ ድንበሩ ላይ ሲነሣ ከተማው ተበተነ፤ እኛም ከእትየ የሺ ጋር በአንድ አህያ ጓዛችንን ጭነን ወደ ጭልጋ ወጣን። የቆርቆሮዋ ሣጥን የት እንደደረሰች አላውቅም። አቦይ ዘርኡንም ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔ ዛሬ አርጅቼ የልጅ ልጆቼን የቅዱሳንን ታሪክ አስተምራለሁ። ማርቲኖስ ጋ ስደርስ ካባው ለሁለት ተከፍሎ ድኻው ሲለብስ ታሪኩን እዚያ ላይ አቆማለሁ። ልጆቹ «ከዚያስ?» ይሉኛል። ያኔ ድኻውን መርፌና ክር አስይዤ እመልሰዋለሁ።